የጋሼ ደምሴ በጋ

ባለፈው እሑድ በጋሼ ደምሴ ሙት ዓመት ላይ ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጸሎቱ ቤተ ክርስቲያን አልቆ፣ ቄሱ ባርከው ሄደው፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ የኋላ ክፍል ተቀምጠን ምሳ በልተን ነበር። ድሮ ከጋሼ ጋር ፓርኪንግ የሠራ አንድ ጎልማሳ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና «የጋሼ ደምሴን በጋ የማያውቅ አለ?» አለ። የማያውቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ነገረን። ሰውየው በጋና ክረምት ተምታቶባቸው፣ ከበረዶ በፊት መፍሰስ የነበረበትን የካምፐራቸውን ውሃ ለሰመር አስቀጥረው፣ ቧንቧው ሁሉ ተሰነጣጥቆ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ከአገር ቤት የመጡትን ባለቤታቸውን በገና ዋዜማ እንዴት ውሃ እንዳለበሷቸው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ተራኪው ሲጨርስ ወደ እኔ ጠቁሞ «የታሪኩ ባለቤት እሱ ነው፤ የጻፈው እሱ ነው» አለ፤ አንዳንዶቹ አጨበጨቡልኝ። ከጠረጴዛው ጫፍ የነበሩት የጋሼ ባለቤት እትዬ ዘነበች ብቻ አልሳቁም። ሳህን ይሰበስቡ ነበር።

ቀልዷን ለዚህ ከተማ ሐበሻ ያበረከትኩት በርግጥ እኔ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ይታተም በነበረና አሁን በጠፋ መጽሔት ላይ፣ ቋንቋችን ባሕር ተሻግሮ እንዴት እንደተበላሸ ስጽፍ ለማሳቂያ ጣል ያደረግኳት አንቀጽ ነበረች። የጻፍኩት ሌላው ሁሉ ተረስቷል፤ መረሳቱም ተገቢ ነው። ያቺ አንቀጽ ግን ከሠርግ ሠርግ፣ ከማኅበር ማኅበር እየዞረች ኖረች። ጸሐፊ አንድ ነገር ሕዝብ አፍ ላይ ከቀረለት ዕድለኛ ነው ይባላል። እኔ የቀረልኝ ውሸት ነው።

ከጋሼ ደምሴ ጋር የተዋወቅነው ዳውንታውን፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ በነበረ የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ነው። እኔ ዌስትውድ ካለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት እማር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቲኬት እቆርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ፓርክ ማድረግ ሦስት ዶላር ነበር፤ ዛሬ እዚያው ቦታ በሦስት ዶላር መስኮት ዝቅ አድርገህ መንገድ ብትጠይቅ ነው። ጋሼ ወደ ሃምሳ ይጠጉ ነበር። የሚሰጠንን ቀይ ሰደርያ የሚደርቡት ሁልጊዜ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝና በክራቫት ላይ ነው፤ አገር ቤት የመኪና ጋራዥ ኃላፊ ነበሩና፣ ሥራ ያለ ክራቫት ሥራ አይመስላቸውም። እኔ ደግሞ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት፣ ሜልሮዝ ካለ የሰልባጅ ሱቅ በስምንት ዶላር የገዛሁት ኮት ነበረኝ፤ ፕሮፌሰር ያስመስለኛል ብዬ በሰኔ ሙቀት ሳይቀር እለብሰው ነበር። ጋሼ ዶክተር ይሉኝ ነበር። ዶክትሬቱን አልጨረስኩትም፤ እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ማዕረጉን አልነሱኝም።

ዓርብ ዓርብ ወደ ፌርፋክስ እንመጣለን። ያኔ የሐበሻ ሰፈር መሆኑን የሚናገረው ሰሌዳ አልተተከለም፤ ሁለት ይሁን ሦስት ምግብ ቤት፣ አንድ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ፣ የቀረው የአሮጌ ዕቃ መደብር ነበር፤ እግራቸው የተጣመመ ወንበሮች መንገዱ ዳር ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። አምስት ዶላር ተኩል የሚያወጣ አንድ ሳህን ጥብስ ሁለት ሰው ያጠግባል። ካሴት በሰው ሻንጣ ይመጣና ሱቁ ባንኮኒ ላይ ይባዛል፤ የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ዘፋኙ ከኩሬ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። ጋሼ አንድ ካሴት ነበረቻቸው፤ አንዱ ጎኗ ተበላሽቶ ሌላው ብቻ የሚሠራ፤ ስድስት ዘፈን። መኪናቸው ውስጥ እነዚያን ስድስት ዘፈኖች ምናልባት አራት መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያኔ ተማርሬባቸው ነበር፤ አሁን ተራቸውን ሳልሳሳት አውቃቸዋለሁ። ያ ሱቅ ዛሬ ስልክ ይጠገንበታል። አሮጌዎቹ ወንበሮች የት እንደሄዱ አላውቅም፤ ምናልባት ውድ ሆነው የሆነ ሰው ሳሎን ተቀምጠዋል።

ካምፐሯን የገዟት ከደንበኛችን ነው። ለዓመታት መኪናቸውን እኛ ጋ የሚያቆሙ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ለጋሼ በርካሽ ሸጡላቸው። ካምፐር ለማያውቅ፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃ፣ ሻወር፣ ሁሉም አንድ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት። ይቺኛዋ መጎተት ካቆመች ቆይታለች፤ ከከተማው ሁለት ሰዓት ድራይቭ ተደርጎ በሚደረስ ተራራ ላይ፣ ጥድ ሥር፣ በኪራይ ቦታ ቆማ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። በዚያ ዘመን ሰው የሚለውን ሁሉ እቃወም ነበር፤ ልማዱ አሁንም አልለቀቀኝም። ውቅያኖስ አጠገብ እየኖሩ ብርድ ፍለጋ ተራራ መውጣት ምን የሚሉት ነው ብዬ ተፈላሰፍኩ። ጋሼ ግን ምክንያት ነበራቸው። የሚኖሩት ቫን ናይስ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ከሦስት ወንዶች ጋር ነው፤ የእሳቸው ድርሻ በመጋረጃ የተከለለ የሳሎኑ ግማሽ ነበር። እትዬ ዘነበች አገር ቤት ሆነው ወረቀት ሲጠብቁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ስትመጣ መጋረጃ ውስጥ ላስገባት?» አሉኝ። «የራሷ በር ያለው፣ ውሃ ውስጡ ድረስ የሚመጣ ቤት አለሽ ልበላት። ትንሽ ቢሆንም።»

ርዕስ ቀየርኩ።

የካምፐር ጠላት ብርድ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ውሃ ረግቶ ቧንቧ ሲሰነጥቅ ያየ ሰው የለም፤ ተራራው ላይ ግን ኅዳር ሳይጋመስ ይጀምራል። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ቧንቧውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ግን ከውጭ ምንም አይታወቅም። ይኼ ፊዚክስ ነው፤ ምሳሌ እየፈለግኩ አይደለም። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወጣን። ሽማግሌው ፈረንጅ አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፈው ትተውላቸው ነበር፤ እኔ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ ጋሼ ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከካምፐሯ ሥር ተንጋለው ይሠራሉ። መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያው ጠፍቶ እስኪበርድ ይጠበቃል። ቀጥሎ ከወለሉ በታች ያሉት ማፍሰሻዎች ይከፈታሉ፣ ታንኩ ይፈሳል፣ የማሞቂያው ቡሎን ይፈታል። ከዚያ ማሞቂያው ከመስመሩ እንዲወጣ አንዲት መዝጊያ ትዞራለች፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚገባውን መድኃኒት ሁሉ እሱ ይጠጣዋል። መጨረሻ ላይ ከፓምፑ የምትወጣ ቀጭን ጎማ ጋሎን ውስጥ ትነከራለች። ጋሎኑ የያዘው ብርድ የማያረጋው ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙ ሮዝ፣ የልጆች የሳል ሽሮፕ የሚመስል።

ፓምፑ ሲነሣ ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፣ ከቅርቡ እስከ ሩቁ፣ መጀመሪያ ሙቁ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛው። ቧንቧው ያስላል፣ ይተፋል፣ የቀረውን ንጹሕ ውሃ ያወርዳል፤ ከዚያ ሮዟ ብቅ ትላለች። ያኔ ይዘጋል። የወጥ ቤቱ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ መጸዳጃው፣ ውጭ በኩል ያለችው የእግር መታጠቢያ፤ አምስት አፍ ነበራት። በመጨረሻም የመታጠቢያዎቹ ቀዳዳ ውስጥ አንድ አንድ ብርጭቆ ይጨመራል፤ እዚያም ጉሮሮው ላይ የተኛ ውሃ አይጠፋም። ጋሼ በእያንዳንዱ አፍ ሮዟ ስትመጣ እንደ ሕፃን ደስ ይላቸዋል። «ከረመች» ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ላለችው «ዊንተራይዝ» ለምትል እንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ሳፈላልግ ከካምፐሯ ሥር ሆነው «ማክረም ነዋ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው በሙሉ ማክረም ሆነ።

እኔ ይኼን በዝምታ የማልፍ ሰው አልነበርኩም።

«ጋሼ፣ ክረምት እኮ ዝናብ ነው» አልኳቸው። «መስከረም ላይ ወጣ። አሁን የሚመጣው በጋ ነው፤ ብርዱም የበጋ ብርድ ነው።»

«ዊንተር ክረምት ተብለን ነው የተማርነው።»

«የተማርነው ስህተት ነው። አገር ቤት ትምህርት ቤት ለክረምት የሚዘጋው መቼ ነው?»

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ እዚህ ምንድነው?»

«ሰመር» አሉና ቡሎኑን እንደያዙ አሰቡ። «ሶ፣ ክረምት ሰመር ነው?»

«ልክ ብለዋል።»

«ኦኬ» አሉ። ቆይተው ሳቅ አሉና «ለእኔ እንኳ ክረምት የሚገባው ዘነበች ስትመጣ ነው» አሉ።

ትክክል ነበርኩ። አሳዛኙ ይኼ ነው፤ በዚያ ቀን የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚሁ ወጣን፤ «ከረመች» ባሉ ቁጥር «በጋ ነው ጋሼ» እላለሁ፣ «ኦኬ፣ በጋ» ይላሉ። ለእኔ ጨዋታ ነበር። እሳቸው ትምህርት መስሏቸው እንደነበር ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ የእትዬ ዘነበች ወረቀት ድንገት አለቀና ጋሼ ባለቤታቸውን ሊያመጡ ሄዱ። ለሦስት ሳምንት ነበር የሄዱት፤ እዚያ አንድ ማኅተም ጎደለ ተባለና ሁለት ወር አለፈ። የካምፐሯን ቁልፍ ለእኔ ትተውልኝ ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ የስልኬ መልእክት መቀበያ ላይ ድምፃቸውን አገኘሁት፤ ከሩቅ፣ ከጀርባው ሰው እየተንጫጫ።

«ዶክተር፣ ደምሴ ነኝ። ጉዳዬ ይቆያል ብለውኛል። ሶ፣ በጋው ሳይገባ ያቺን ነገር ውሃዋን አፍስልኝ። በጋው ያልኩህ ያው አንተ እንዳስተማርከኝ ነው። ሮዟ ከአልጋው ሥር አለችልህ። ዘነበች ሰላም ብላሃለች።»

መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል ሌላ ነገር ስናገር ስለኖርኩ አሁን በማያሻማ አማርኛ ላስቀምጠው፤ በጋ ያሉት ብርዱን መሆኑ፣ ቃሉም የእኔው ቃል መሆኑ ገብቶኛል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዌስትውድ የቀድሞ ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ንግግር ነበረኝ፤ አማርኛ በባዕድ አገር ስለ መበላሸቱ። ሃያ ያህል ሰው መጣ፤ ግማሹ መውጫው ላይ ስላለው ሳንቡሳ ነው የመጣው፤ ቢሆንም ተጨበጨበልኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጭብጨባውን እያስታወስኩ ተኝቼ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አነበብኩ፤ ድሀ ስለሚበደልበት አገር ነበር፣ አልቅሻለሁም። በሦስተኛው ጎማዬ ተበላሸ። በአራተኛው ጎማዬ ደህና ነበር። መጽሐፍ ማንበብ ሰውን ያሻሽላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ብዙ ስላነበብኩ ይኼን አላምንም። በኅዳር መጨረሻ ቴሌቪዥኑ ተራራውን ነጭ ሆኖ አሳየኝ፤ ጎማው ላይ ሰንሰለት ያላሰረ መኪና አይወጣም ተባለ። አንድ ሁለት ቀን ቢበርድ ምን ይሆናል ብዬ አጠፋሁት።

ታኅሣሥ ሲገባ መጡ። ኤርፖርት ስቀበላቸው ጋሼ ሻንጣ እየገፉ፣ ሳቃቸው ፊታቸውን ሞልቶት «ያቺ ነገር ደህና ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት» አልኩ። ያቺ ነገር ያሏት ካምፐሯን እንደሆነ አውቃለሁ። አሮጌዋ መኪናቸውም እኔ ጋ ነበረችና ስለ እሷ የመለስኩ መስሎ እንዲሰማኝ አደረግኩ። አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ምቹ ቋንቋ ነው፤ ናት ብለህ ማን እንደሆነች ሳትናገር መኖር ትችላለህ።

የተራራው መንገድ እስኪከፈት ወር ያህል ጠብቀን፣ የገና ዋዜማ ጠዋት ሦስታችን ተነሥተን ወጣን። እኔ እንደማልሄድ ተናግሬ ነበር፤ ጋሼ አንተ ካልመጣህ ምኑን ምርቃት ሆነ ብለው አስገደዱኝ። እትዬ ዘነበች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጋሼ የገዙላቸውን ነጭ ስኒከር አድርገው፣ ከኋላ ወንበር ስለ ሁሉ ነገር ይጠይቃሉ። ስድስቱ ዘፈኖች ይዘፈናሉ። ፀሐይ ወጥቶ ነበር፤ በረዶው ከጥዱ ላይ ይንጠባጠባል። ጋሼ በሯን ከፍተው ቁልፉን ለባለቤታቸው ሰጡና «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አሉ። እትዬ ዘነበች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ማሞቂያ ምድጃዋ ተለኩሳ ቤቱ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ያህል አልፎ ሄደ። እሳቸው አዲስ አንሶላ አነጠፉ፣ ለገና ያመጡትን ቀሚስ መስቀያ ላይ ሰቀሉ፤ ጋሼ ከከተማ ባመጣነው ውሃ ታንኩን ሞሉ። እኔ ጥግ ቆሜ ምናልባት፣ ምናልባት እል ነበር።

ጋሼ ባለቤታቸውን የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፊት ብርጭቆ አስይዘው አቆሟቸው። «መጀመሪያ ሮዝ ሆና ትመጣለች» አሏቸው። «አትደንግጪ፣ ያከረማት እሷ ናት። ከዚያ ትጠራለች።» አገር ቤት ሳሉም ነግረዋቸው ነበር መሰለኝ፤ እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ታቦት መውጫ ይጠብቁ ነበር። ጋሼ ፓምፑን አስነሡ። ቧንቧው አሳለ። ሁለት ጠብታ ወረደ። ሮዝ አልነበረም። ጋሼ ዞረው አዩኝ፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ያልሰሙትን ቃል እንዲደገምላቸው እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ያዩኝ። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ፉጨት አሰማ፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ከጣሪያው ማዕዘን ሳይቀር ውሃ ፈነጠቀ። አንሶላው፣ ጋቢው፣ የተሰቀለው ቀሚስ ራሰ። እትዬ ዘነበች ብርጭቆውን እንደያዙ «እኔ ስገባ ዘነበ» አሉ፤ ባላቸውን ሊያስቁ ነው። ጋሼ አልሳቁም። ፓምፑን አጠፉና ተንበርክከው የተሰነጠቀውን ቧንቧ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አልፈሰሰችም» አሉ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። «ጋሼ፣ ከበጋ በፊት ብለውኝ እኮ። ሰመር መስሎኝ፣ ለግንቦት ይዤው ነበር።»

እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ አሁን በጋ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ታኅሣሥ እኮ ነው።»

«እዚህ ሌላ ነው፣ ዘነቡ» አሏቸው ጋሼ። ከወለሉ ላይ ሳይነሡ፣ ውሃው ሱሪያቸውን እያረጠበው፣ ወደ እኔ ዞረው «ጥፋቱ የእኔ ነው። ክረምት ብዬ ብተወው ይሻል ነበር። የማልችልበትን ቃል ተናገርኩ» አሉ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔም ግድ የለም አልኩ።

በዚያው ቀን ተመለስን። እትዬ ዘነበች የአሜሪካን የመጀመሪያ ገናቸውን ቫን ናይስ፣ መጋረጃው ውስጥ፣ ሦስት ወንዶች እየተሳቀቁ በእግር ጣታቸው በሚያልፉበት ሳሎን አሳለፉ። እዚያ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር የራሳቸውን ቤት ተከራዩ። ካምፐሯ ወለሏ አብጦ፣ ግድግዳዋ ሻግቶ፣ ሚያዝያ ላይ አንድ ሰውዬ ለብረቷ ብሎ ጎትቶ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ክፉ አልነበረም፤ ሁለቱም ሠሩ፣ ቤት ገዙ፣ ጡረታ ወጡ። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ጋሼ እኔ ባለሁበት አማርኛ ሲናገሩ መጠንቀቅ ጀመሩ። ያን ያህል ጨዋታ የሚያውቁ ሰው አንድ ወሬ ይጀምሩና መሐሉ ላይ ቆመው «እንዴት ነው የሚባለው፣ ዶክተር?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸው ነበር። መጽሔቱ ላይ የጻፍኩትን ሲያነቡ ደግሞ ስሜን ጠርተው ምግብ ቤቱ ውስጥ ለሰው ሁሉ አሳዩ፤ «ስለ እኔ ነው የጻፈው» እያሉ። ሰው ሲስቅባቸው አብረው ሳቁ።

እሑድ ዕለት ከምሳው በኋላ እትዬ ዘነበችን ወደ ቤት የማድረሱ ዕድል ለእኔ ደረሰ። ባዶ ድስቶቹን መኪናዬ ውስጥ ጭነን፣ እሳቸው ከፊት ተቀምጠው፣ ቁልፉን ሰክቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ቀረሁ። ከመስኮቱ ውጭ ወጣቶች ለቁርስ ይሁን ለምሳ በማይታወቅ ሰዓት ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ። አንድ ነገር ልንገርዎ አልኩና ነገርኳቸው፤ መልእክቱን፣ አራቱን ቅዳሜ፣ ሁሉን። ስናገር እንኳ ዓረፍተ ነገሬን እያሳመርኩ መሆኑ ይታወቀኝ ነበር። እትዬ ዘነበች እስክጨርስ የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትሉ ነበር።

«ያንን ያወቅሁት ያኔውኑ ነው» አሉ። «ከአገር ቤት በመጣሁ በወሬ፣ በጋ ምን እንደሆነ ይጠፋኛል?»

ጋሼስ ያውቁ ነበር ወይ አልኳቸው። ያውቁ ነበር ቢሉኝ ተመኘሁ፤ የሚያውቅ ሰው ይቅር ብሎ ሊሆን ይችላል።

«እሱማ አመነህ» አሉ። «እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ብነግረው ያለው አንድ ወዳጅ ነበር፣ እሱንም ያጣዋል ብዬ ዝም አልኩ። እስኪሞት ድረስ ክረምት ባለ ቁጥር ራሱን ያርም ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ፣ አማርኛ የማትሰማዋን ነርስ፣ ክረምት ይልና ደግሞ አይደለም ይላታል።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔን ምን ትለኛለህ» አሉ፣ ወደ ምግብ ቤቱ በር በአገጫቸው እያመለከቱ። «ለሳቁት ንገራቸው። ደግሞ ሂድ፣ የፓርኪንግ ሜትርህ አልቋል።»

ይኼው እየነገርኳችሁ ነው። ስትሳሳቁባት የኖራችሁት ቀልድ ውስጥ የተምታታበት ሰው አልነበረም። አንዱ በተማረው ቃል በትክክል ተናገረ፣ ሌላው በትክክል ሰምቶ ተኛ። የቃሉንም ነገር ካነሣን፣ የፈረደብኝ መዝገበ ቃላት አይደለም፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ከጉዞ የተመለሰን ሰው እንዴት ከረምክ ሲል ስለ ዝናቡ እየጠየቀ እንዳልሆነ ያውቃል። ቆየህ ወይ፣ ዘለቅህ ወይ፣ ሳትሰበር ደረስክ ወይ ነው የሚለው። ጋሼ ካምፐር ሥር ተንጋለው ያገኟትን ቃል እኔ በአራት ቋንቋ አንብቤ አላገኘኋትም፤ ሳገኛት ደግሞ ስህተት ናት አልኩ።

እትዬ ዘነበች ቤታቸው ደጃፍ ድስቶቹን ሳወርድላቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ያቺ ሮዝ የምትባለው ውሃ በእውነት ሮዝ ናት ወይ አሉኝ። ለካ አይተዋት አያውቁም። ቅዳሜ ቫን ናይስ ካለ የካምፐር ዕቃ መደብር ሄጄ አንድ ጋሎን ገዛሁ። ሻጩ ካምፐሬን የት እንዳቆምኩት ጠየቀኝ፤ የለኝም ስለው ሙቀቱ ውጭ ሠላሳ ዲግሪ ነበርና በሐዘኔታ አየኝ። ጋሎኑን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው ጠባብ፣ ንጹሕ፣ ቧንቧው የሚያብረቀርቅ ነው። ብርጭቆ አመጡና ቀዳሁላቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው መታጠቢያው ቀዳዳ ውስጥ ቀስ እያሉ አፈሰሷት፤ ጋሼ በመጨረሻ እንደሚያደርጉት፣ ማንም ሳይነግራቸው። ነጩ መታጠቢያ ላይ ቀጭን ሮዝ መስመር ቀረ።

«እሱ ይቺን ሲያይ ምን ይል ነበር?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቀዳዳው ሳያነሡ።

«ከረመች ይሉ ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔ አርም ነበር» አልኳቸው።